እንጉዳይ ዲዲቲ አይበላም

የኬሚስትሪ መጽሐፍ «አሮማቲክ» ሲል ስለ ሽታ የሚያወራ ይመስላል። መጀመሪያ ላይ እውነትም ስለ ሽታ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ኬሚስቶች መዓዛቸውን አሽትተው በአንድ ስም የጠሯቸው ነገሮች፣ ውስጣቸው ሲመረመር አንድ ዓይነት አጥንት ተገኘባቸው፤ ስድስት ካርቦኖች ተያይዘው የሠሩት ቀለበት። ከዚያ ወዲህ ስሙ ሽታውን ትቶ ከቀለበቱ ጋር ቀረ። እናቴ ሽሮ ውስጥ የምትጨምረው ነጭ አዝሙድ ይህ ቀለበት አለው። ደጋ ላይ የሚለቀመው ጦስኝም፣ ቅርንፉድም አላቸው። ዕጣን ግን ጉድ ነው። ከቆላችን የሚወጣው ዕጣን ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ነገር ቀለበት የሚባል የለውም። ቤተ ክርስቲያኑን ሙሉ የሚያውደው ነገር በኬሚስቶች ቋንቋ አሮማቲክ አይደለም፤ ብዙም የማይሸተው ዲዲቲ ግን ነው። እንዲያውም ሁለት ቀለበት አለው።

ቀለበቱን ጠንካራ የሚያደርገው ኤሌክትሮኖቹን የሚይዝበት መንገድ ነው። ከስድስቱ ካርቦኖች እያንዳንዱ አንድ ኤሌክትሮን ያዋጣል። የተዋጡት ስድስቱ ኤሌክትሮኖች የአንዱም የግል ንብረት አይደሉም፤ ቀለበቱን ዙሪያውን ይዞሩታል፣ የሁሉም ናቸው። እንደ እድር በሉት። አንዱን አባል ልትነካ ስትሄድ ስድስቱም ይመጡብሃል። ለዚህ ነው ቀለበት ያለበት ነገር በቀላሉ የማይበሰብሰው፣ የማይሻግተው፣ ዝናብ የማይፈታው። (የቀለበቶቹ ሁሉ እናት ቤንዜን ትባላለች። ማደያ ከሚቀዳው ቤንዚን ጋር አንድ አይደሉም፣ ቤንዚን ውስጥ ግን ጥቂት ቤንዜን አለ። አማርኛችን ሁለቱን በአንድ ፊደል ልዩነት ብቻ ነው የለያቸው።)

እኔ ኬሚስት አይደለሁም። ሶፍትዌር ነው የምሠራው፣ የተማርኩትም ምህንድስና ነው። ኬሚስትሪን አንደኛ ዓመት ላይ ፈተና አልፌ ተሰናብቼዋለሁ። ተመልሼ እንዳነበው ያደረገኝ የእናቴ ጓሮ ነው።

እናቴ የምትኖረው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ከግቢያችን ጀርባ፣ እኔ ልጅ ሆኜ፣ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ነበር። የወባ ርጭት ሲደርስ ካኪ የለበሱ ሰዎች ፓምፕ ትከሻቸው ላይ አንግተው ከዚያ ይወጡ ነበር። ቤት ለቤት ሄደው ግድግዳውን ይረጩና በሩ ላይ በጠመኔ ቁጥር ጽፈው ይሄዳሉ። መጋዘኑ ከፈረሰ ቆይቷል። የዛሬ ሦስት ዓመት ቦታ ሲስተካከል የመጋዘኑ መሬት ግማሹ ወደ እኛ ግቢ ገባ። ጡረታ የወጣች አስተማሪ በእጇ መሬት ስትገባ ምን እንደምታስብ ታውቃላችሁ። ጎመን፣ ቃሪያ፣ አጥሩ ሥር ዱባ፣ አምስት ዶሮዎች።

ድሮ ረጪ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ናቸው የነገሩኝ። «እዚያ ጥግ ላይ ነበር የምንከምረው» አሉኝ በከዘራቸው እያመለከቱ። «ከረጢቱ እየተቀደደ መሬቱ ነጭ ይሆን ነበር። በመጥረጊያ እንጠርገዋለን።» ወዴት እንደሚጠርጉት ጠየቅኳቸው። «እንግዲህ ወደ ውጭ ነዋ!»

ማታ ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ መጋዘኑ የነበረበት ጋ ዱባ ባትተክዪ ጥሩ ነው።»

«ለምን ሲባል?»

«ዲዲቲ ነው አፈሩ።»

«ዲዲቲማ እዚሁ መኝታ ቤትህ ውስጥ ስንት ዓመት ተረጭቷል። ትኋኑን የጨረሰልን እሱ አይደል እንዴ? ወባውንስ ማን አስታገሰልን? አሁን ምን ተገኘበት?»

መልስ ለመስጠት ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ምክንያቱም ትክክል ናት። ዲዲቲ መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1874 ነው፤ ነፍሳት ገዳይነቱን ግን ፓውል ሙለር የተባለው ስዊዘርላንዳዊ እስኪያገኘው ድረስ እስከ 1939 ተቀምጧል። ሙለር በ1948 የሕክምና ኖቤል ተሸለመ፤ ያኔ ማንም «አይገባውም» አላለም። በዚህ ዱቄት የዳነ የሰው ነፍስ ብዙ ነው፤ አገራችንም እስከ 2000ዎቹ መጨረሻ ድረስ ለወባ ርጭት ተጠቅማበታለች። የ2001ዱ የስቶክሆልም ስምምነት እንኳ ሲያግደው ለወባ መከላከያ በር ትቶለታል።

ክፋቱ አለመሞቱ ነው። ግድግዳ ላይ ወራት መቆየቱ ነበር ለርጭት ያስመረጠው፤ አፈር ውስጥም በዚያው ጠባዩ ይቆያል። በብዛት የሚጠቀሰው ግምት ግማሹ እስኪጠፋ ከ2 እስከ 15 ዓመት ይላል። ሲለወጥም ብዙውን ጊዜ ዲዲኢ ወደሚባል ወንድሙ ነው የሚለወጠው፣ እሱ ደግሞ ከዲዲቲው የባሰ ግትር ነው። ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ስብ ውስጥ ግን ይሟሟል። ስለዚህ ከአፈር ወደ ትል፣ ከትል ወደ ዶሮ፣ ከዶሮ ወደ እንቁላል አስኳል ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ጅማ አካባቢ በእናቶች ጡት ወተትም በላም ወተትም ውስጥ አግኝቶታል። ዱባን በተመለከተ ያነበብኩት ነገር ደግሞ ክው ነው ያደረገኝ። አብዛኛው አትክልት ዲዲኢን ከአፈር እምብዛም አይስብም፤ ዱባና ዝኩኒ ካሉበት ወገን የሆኑ አንዳንድ ዝርያዎች ግን በሥራቸው መጥጠው ወደ ላይ ያወጡታል። ከአትክልት ሁሉ መርጣ እናቴ ዱባ።

አፈሩን ቆፍሮ ማውጣትስ? የት ይጣላል? ኢትዮጵያ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ክምችቷን ለማስወገድ ስትነሳ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ ከ1,000 ቶን በላይ ታሽጎ፣ መርከብ ተጭኖ፣ ፊንላንድ ድረስ ተወስዶ ነው የተቃጠለው። እንዲህ ያለ ክሎሪን የበዛበት ቆሻሻ በወጉ እንዲቃጠል ምድጃው 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ለአንድ የጡረተኛ ጓሮ ፊንላንድ አይኬድም።

እንጉዳዩ የመጣው እዚህ ጋ ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ የሥራ ኮዴን ትቼ «ዲዲቲን የሚያፈርስ» እያልኩ ስፈልግ፣ እንጨት የሚያበሰብስ አንድ ፈንገስ በ39 ዲግሪ ሙቀት ይሠራዋል የሚል ነገር አገኘሁ። 39 ዲግሪ ማለት እኮ ትኩሳት የያዘው ሰው ገላ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከእንጨት መጀመር ይሻላል። እንጨት በጭቃ ቤት ምሳሌ ይገባል፤ ማገሩ ሴሉሎስ ነው፣ ጭቃው ሊግኒን። ሴሉሎስ ስኳር በሰልፍ የተያያዘበት ገመድ ስለሆነ መክፈቻው ያለው ሁሉ ይበላዋል። ሊግኒን ማገሩን ዙሪያውን ለስኖ ይከላከላል፤ የተሠራውም ከእነዚያው ከስድስት ካርቦን ቀለበቶች ነው። ከብት የጤፍ ጭድ እየበላ የማይወፍርበት አንዱ ምክንያት ይህ ልስን ነው። ደቡባዊ ቺሌ ውስጥ፣ ዝናብ በማይጠፋበት ጫካ፣ «ፓሎ ፖድሪዶ» የሚሉት የበሰበሰ ግንድ አለ። ፈንገስ ሊግኒኑን ጨርሶለት ነጭ ሴሉሎስ ብቻ የቀረ እንጨት ነው፤ ለከብት መኖ ይሰጡታል። ግንድ የሚበላ ላም! እንዲህ እያነጡ የሚያበሰብሱት ፈንገሶች ነጭ አበስባሽ ይባላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ በፕላስቲክ ከረጢት፣ በጭድና በጥጥ ፍሬ ገለባ ላይ እየበቀለ ለገበያ የሚቀርበው ኦይስተር እንጉዳይ ከእነሱ አንዱ ነው። ዝናብ ሲጥል የወደቀ ግንድ ላይ ብቅ ከሚሉትና አገሬው «የጅብ ጥላ» ብሎ ከሚያልፋቸው መካከልም አሉ።

የሊግኒን ትልቁ ምሥጢር ጥንካሬው ብቻ አይደለም፣ ቅጥ የለሽነቱም ነው። ፕሮቲን ሥርዓት አለው፣ ሴሉሎስ ሥርዓት አለው፤ ሊግኒን ግን ቀለበቶቹ እንደ አጋጣሚ የተጣበቁበት ክምር ነው። አንዱ ከጎኑ፣ አንዱ ከራሱ፣ አንዱ በኦክስጅን፣ አንዱ በካርቦን። ሁለት ቁራጭ ሊግኒን አይመሳሰሉም።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የእኔን ሥራ የነካው። የምኖረው መረጃ በመተንተን ነው። የሚመጣው ፋይል ቅርጹ የታወቀ ከሆነ ኮዱ ይቀበለዋል፤ አንድ ኮማ ቦታዋን ከሳተች «ኤረር» ብሎ ይቆማል። ሕይወትም በአብዛኛው እንዲሁ ነው የምትሠራው። አብዛኛው ኢንዛይም እንደ ቁልፍ ነው፤ ከቀዳዳው ጋር ካልገጠመ አይዞርም። ሰዋስው ለሌለው ጽሑፍ ግን ተንታኝ አይጻፍለትም፤ ሁለት ቦታ ለማይደገም ቀዳዳም ቁልፍ አይቀረጽም። ታዲያ ፈንገሱ ምን አደረገ? ማንበቡን ተወው። ምንነቱን ሳይጠይቅ ከቀለበቱ አንድ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፣ አለቀ። ከስድስቱ የጋራ ሀብት አንዱ የተነጠቀበት ቀለበት ይናጋል፤ ራዲካል የሚባለው ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የትኛው ማሰሪያ እንደሚበጠስ ፈንገሱ አይመርጥም። ራሱ ይፈርሳል።

ንጥቂያውን የሚፈጽመው ኢንዛይም ሊግኒን ፐርኦክሲዴዝ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1983 ሁለት የአሜሪካ ቡድኖች፣ አንዱ ዊስኮንሲን አንዱ ኦሬገን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ይፋ አደረጉት። መሐሉ ላይ እንደ ደማችን ሄሞግሎቢን ብረት የታቀፈ ሄም አለው። ጉልበቱን የሚያገኘው ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው፣ አረፋ የሚያወጣው። ፐርኦክሳይዱን ፈንገሱ ራሱ እያመረተ ያቀርብለታል። ጤነኛ እንጨት ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች ለኢንዛይም ይጠብባሉ፤ ለዚህም መላ አለው። ሌላው ኢንዛይሙ የማንጋኒዝ አቶም ኤሌክትሮን ነጥቆ ያስርበዋል፤ የተራበው ማንጋኒዝ ትንሽ ስለሆነ ሰርጎ ገብቶ ቀለበቶቹን ይነጥቃል። ሦስተኛው ላኬዝ ነው። መዳብ ይዞ ኦክስጅንን ከአየር ይጠቀማል፤ ዛሬ የጂንስ ሱሪ ቀለም ለማደብዘዝ ፋብሪካዎች ይጠቀሙበታል። ላኬዝን መጀመሪያ ያገኘው ዮሺዳ የተባለ ጃፓናዊ ነው፣ በ1883፣ እንጉዳይ ውስጥ ሳይሆን እንደ ቫርኒሽ የሚቀባ ጭማቂ ከሚሰጥ ዛፍ። ነገሩ ያስገርማል። ዛፍ ሊግኒኑን ሲገነባ የሚጠቀመው የዚህ ዘር ኢንዛይሞችን ነው፤ ፈንገስ ሲያፈርስም የዚሁ ዘር ነው። መዶሻው አንድ፣ ግንበኛውና አፍራሹ ሁለት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለዋናው ጉዳይ ያስፈልገናል። ፈንገሱ ከዚህ ሁሉ ድካም ከሊግኒን የሚያገኘው ምግብ እዚህ ግባ አይባልም። ሊግኒን ብቻ ብትሰጠው አያድግም። የሚፈልገው ከልስኑ ጀርባ ያለውን ሴሉሎስ ነው። ግድግዳ የሚያፈርሰው ጎተራው ውስጥ ለመግባት ነው እንጂ ጭቃ አምሮት አይደለም።

(ስለ ድንጋይ ከሰል የሚነገር ጥሩ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የ31 ፈንገሶችን ጂኖም ያነጻጸረ ጥናት ይህ ችሎታ የተፈጠረው ከዛሬ 290 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው አለ፤ ከዚያ በፊት እንጨት የሚያበሰብስ ስላልነበረ ዛፉ ተከምሮ ከሰል ሆነ የሚለው ሐሳብ ተስፋፋ። በ2016 ሌሎች ተነሥተው የከሰሉ ምክንያት የመሬት አቀማመጥና የአየር ጠባይ ነው ብለው ሞገቱ። እኔ ማስረጃው ወደ ሁለተኞቹ ያደላ ይመስለኛል፣ የመጀመሪያው ግን ለወሬ ይጥማል።)

አሁን ወደ 1985። ሚሺጋን ውስጥ አራት ተመራማሪዎች እንዲህ ብለው አሰቡ፤ ይህ ፈንገስ የሚነጥቀውን ነገር ማንነት ካልጠየቀ፣ ሰው የሠራቸውንም ቀለበቶች አይጠይቅም ማለት ነው። ፋኔሮኬቴ ክሪሶስፖሪየም የሚባለውን ነጭ አበስባሽ ወስደው ዲዲቲ፣ ዳይኦክሲን፣ ከጭስ የሚወጣውን ቤንዞፓይሪን፣ ሊንዴንን ሰጡት። ጠፋ ብሎ መናገር ቀላል ነው፤ ዕቃው ላይ ተጣብቆስ ቢሆን? ስለዚህ የኬሚካሎቹን ካርቦን በራዲዮአክቲቭ ካርቦን ምልክት አደረጉበት። ምልክቱ ያለበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዕቃው ሲወጣ ከተያዘ፣ ቀለበቱ በእርግጥ ተሰብሮ እስከ መጨረሻው ነድዷል ማለት ነው። ተያዘ። «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ወጣ። ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ ቀና አልኩ። ፊንላንድ 1,100 ዲግሪ ላይ የሚሠራውን ሥራ አንድ ሻጋታ መሳይ ነገር ጠርሙስ ውስጥ ሠርቶታል።

ለሁለት ሳምንት ያህል የማይቻል ሰው ነበርኩ። የሥራ ባልደረቦቼ ምሳ ላይ እንጉዳይ የሚለውን ቃል ከሰሙ ይነሱ ጀመር።

ከዚያ ቀጥሎ ያሉትን ጽሑፎች አነበብኩ። የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከተሰጠው ዲዲቲ ትንሹ ክፍል ብቻ ነው፤ ቀሪው ተለዋውጦ እዚያው አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ይበልጥ የሚገርም ነገር ይዞ መጣ። ኢንዛይሙን፣ ሊግኒን ፐርኦክሲዴዝን፣ ለብቻው አጥርተው ዲዲቲ ቢሰጡት አልነካውም። ሲታሰብ ያስኬዳል። ክሎሪን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ የሚጎትት ስስታም ነው፤ ዲዲቲ አምስት ክሎሪን አለው፣ በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ አንዳንድ፣ መሐል ላይ ሦስት። ስስታም የሚጠብቀውን ኤሌክትሮን መንጠቅ ከባድ ነው። ታዲያ ማን ሰበረው? ጥርጣሬው የሚያመራው ከፈንገሱ ሴል ውስጥ ወዳሉት፣ ፒ 450 ወደሚባሉ ኢንዛይሞች ነው። በ2004 የዚህ ፈንገስ ጂኖም ሲነበብ ከእነዚህ ወደ 150 የሚጠጉ ተገኙበት። እኛ ሰዎች 57 አሉን። ጉበታችን መድኃኒትንና መርዝን የሚያስወግደው በእነሱ ነው። ስለዚህ እንጉዳዩ ዲዲቲ ላይ የሚሠራው ሥራ እንጨት ከማፍረስ ይልቅ የጉበት ሥራ ይመስላል።

ለእኔ ነገሩ የተገለጠልኝ ያን ጊዜ ነው። በውጭም ይሁን በውስጥ፣ ፈንገሱ ዲዲቲን አይበላም። አይጠቅመውም፣ አይፈልገውም፣ አያውቀውም። እንጨት እየበላ ሳለ መንገዱ ላይ የተገኘ ነገር ይሰበራል፤ የጎን ሥራ ነው። ሰው ሁሉ «ፕላስቲክ የሚበላ እንጉዳይ»፣ «መርዝ የሚበላ እንጉዳይ» የሚል ርዕስ ይወዳል፤ እኔ ርዕሱን ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ። ቢበላው ኖሮማ ችግር አልነበረም። የሚበላ ነገር በምግቡ ይታዘዛል፤ ምግቡ ባለበት ይበዛል፣ ምግቡ ሲያልቅ ይቆማል። የማይበላውን የሚሰብር ግን በምን ይታዘዛል? ዲዲቲ ስለበዛ አይበዛም። እንጨት ሲያልቅበት ይሞታል፣ ዲዲቲው ግማሽ ላይ ቢሆንም። ማንኛውንም ቀለበት እንዲነካ ያስቻለው ያ አለመምረጡ፣ «ይሄንን ቀለበት ስበርልኝ» ብለህ እንዳታዘው የሚከለክልህም እሱው ነው።

ጓሮ ላይ ሲወርድ ደግሞ ችግሩ በዝርዝር ይመጣል። ይህ ፈንገስ የሊግኒን ኢንዛይሞቹን የሚያወጣው ናይትሮጅን ሲጎድልበት ነው፤ እናቴ ደግሞ ለሠላሳ ዓመት ፍግ የማልበስ ልምድ አላት። አፈር ውስጥ ብቻውን አይኖርም፤ ባክቴሪያው ሻጋታው ይሻማዋል፣ ስለዚህ ስንቅ የሚሆነው ሰጋቱራ ካልተሰጠው አይዘልቅም። ዲዲቲው ራሱ ጠርሙስ ውስጥ እንዳለው ትኩስ አይደለም፤ ለዓመታት ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ተሸሽጓል። ጃፓን ውስጥ የኦይስተር እንጉዳይ ተረፈ ምርትን ከዲዲቲ ጋር አብረው አቆይተው ግማሽ ያህሉን በአራት ሳምንት አጥፍተዋል፤ ከዚያ ውስጥ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እስከ መሆን የደረሰው ጥቂቱ ነው። ሜዳ ላይ የተሳካም አለ። በ1990 የወጣ የዊስኮንሲን ሙከራ፣ ፔንታክሎሮፌኖል የሚባል የእንጨት ማቆያ የፈሰሰበት አፈር ላይ ፈንገሱን ከእንጨት ስብርባሪ ጋር ቀላቅሎ፣ በስድስት ሳምንት ተኩል ከ80 በመቶ በላይ ቀንሶታል። ከጠፋው ውስጥ ግን የተወሰነው ስሙን ብቻ ለውጦ ሌላ ክሎሪናም ነገር ሆኖ ተገኝቷል። እነዚህ ሰዎች ባለሙያዎች ናቸው፣ የሚለኩበት መሣሪያ አላቸው። እኔ ላፕቶፕ ነው ያለኝ።

ቢሆንም አንድ የእንጉዳይ አምራች ጋ ሄድኩ። ልጁ እኩያዬ ነው፣ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከረጢቶቹን በገመድ አንጠልጥሎ ያመርታል። ሐሳቤን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ።

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ለጥብስ ነው» አለኝ በመጨረሻ።

«ያለቀለትን ከረጢት ነው የምፈልገው። ምርት ሰጥቶ የጨረሰውን።»

«እሱንማ ውሰድልኝ፤ የምጥልበት ቸግሮኛል።» ቀጥሎ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «ግን እዚያ ላይ የበቀለውን እንዳትበሉ። እንጉዳይ ከሥሩ ያለውን ይስባል» አለኝ። ይህን ከማንም በፊት የነገረኝ እሱ ነው፤ ትክክል መሆኑን በኋላ አነበብኩ፣ በተለይ ብረታ ብረትን።

አፈሩንም አስመረመርኩት። ዋጋውን አልናገርም፣ እናቴ ይህን ጽሑፍ ታነበው ይሆናል። ውጤቱ ሁለቱም አሉ አለ፣ ዲዲቲም ዲዲኢም፤ ዲዲኢው ይበልጣል። ወረቀቱን አትሜ ወሰድኩላትና ወጥ ቤት በር ላይ ተቀምጠን አስረዳኋት። መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፤ ጡረታ ብትወጣም ወረቀት ሲሰጧት ቀይ እስክሪብቶ የሚያምራት ሰው ናት።

«ታዲያ ሰላሳ ዓመት ስንኖርበት ማን ነገረን?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። ረጪዎቹም አያውቁም፤ ጎረቤታችን ሽማግሌ እኮ ዱቄቱን በባዶ እጃቸው ነበር የሚዝቁት።

«አንተ ግን ኮምፒዩተር ነው የተማርከው። ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«አንብቤ።»

«እንጉዳዩ ያጸዳዋል?»

«ይቀንሰው ይሆናል። ያጸዳዋል አልልሽም። በምግብ መሬት ግን አይቆጠርም፣ እማዬ፤ ዶሮዎቹም እዚያ መጫር የለባቸውም።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። እንደምትቆጣ ነበር የጠበቅኩት። ለጎመኑ ሌላ ቦታ አለ፣ ለዱባውም አለ፤ ያ መሬት ግን ጡረታ ከወጣች በኋላ «የኔ» ብላ ያገኘችው መሆኑን አውቃለሁ። ወረቀቱን አጥፋ ወደ ነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። «በል ሽቦውን ግዛ» አለችኝ።

ዶሮዎቹን በሽቦ ከለልናቸው። ዱባው ከፊት ለፊት፣ ከድሮው ግቢያችን አፈር ላይ ተተከለ። በመጋዘኑ ጥግ ግራቪሊያ ተከልንበት፣ ለጥላ። በዛፎቹ መሐል የአናጢ ቤት ሰጋቱራና ያለቀላቸውን የእንጉዳይ ከረጢቶች ቀላቅለን ከአፈሩ ላይኛ ሽፋን ጋር በአካፋ አዋሃድነው። እኔና የጎረቤት ልጅ፣ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ ጓንት አድርገን። አቧራው እንዳይነሳ እናቴ ከዳር ቆማ በጆግ ውሃ ታርከፈክፋለች። ፍግ እንዳታደርግበት ሦስት ጊዜ አስጠነቀቅኳት። ከሌላ ዓመት ክረምት በኋላ እንደገና ይመረመራል፤ ለዚያ ገንዘብ እያስቀመጥኩ ነው። ቢቀንስ እንኳ ፈንገሱ ይሁን፣ ባክቴሪያው ይሁን፣ ጊዜው ይሁን የማውቅበት መንገድ የለኝም። ይህን ለመለየት ምንም ያልተደረገበት ጎን ለጎን መሬት ያስፈልግ ስለነበር አንድ ካሬ ሜትር ሳልነካ ትቼዋለሁ። እናቴ «ያልተማረው» ትለዋለች።

ሐምሌ ላይ ሄጄ ሰጋቱራውን በእንጨት ገለጥ ሳደርግ ከሥሩ ነጭ ክር ተዘርግቷል፣ እንደ ሸረሪት ድር ያለ፣ ከእንጨት ቁራጩ ጋር የተሰፋ። የትኛው ዝርያ እንደሆነ አላውቅም፤ የዘራሁት ኦይስተር ሊሆን ይችላል፣ ከነፋስ የመጣም ሊሆን ይችላል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እናቴ ደወለች።

«የጅብ ጥላህ ወጥቷል። ብዙ ነው። ነጭም አለው ቡኒም አለው።»

«እንዳትነኪው ብቻ።»

«እኔስ አልነካውም። ሰፈሩ ግን ማነው እሱን ያለማው እያለ እየሳቀብኝ ነው። ልንቀለው?»

«ተይው፣ እማዬ። ሰጋቱራ ጨምሪበት።»